ለካምፐራችን ኤር ሳስፔንሽን እናስገባ ወይስ ይቅር?

ጥያቄው የመጣው ሽቱትጋርት አካባቢ ከምትኖር እህት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ዓመት ያገለገለ ፊያት ዱካቶ ካምፐር (መኝታና ማብሰያ ያለው የጉዞ መኪና) ገዛን። የ2017 ምርት ነው። ርዝመቱ 6 ሜትር ገደማ ነው፤ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር በየዓመቱ ሐምሌ ላይ በኦስትሪያ በኩል የብሬነርን ተራራ ተሻግረን ጣሊያን ወዳለው ጋርዳ ሐይቅ እንሄዳለን። ዕቃ ስንጭን ኋላው ዝቅ ይላል። ኩርባ ላይ ይወዛወዛል። ድልድይ መጋጠሚያ ላይ ሲደርስ ከኋላ ‹ዷ› የሚል ድምፅ ያሰማል። ብስክሌቶቻችንን የምንሰቅለው የኋላ በር ላይ ነው። አንድ ጋራዥ የኋላውን እግር በሙሉ በኤር ሳስፔንሽን (በባሌስትራ ፋንታ መኪናውን በንፋስ ፊኛ በሚሸከም) እንቀይርላችሁ ብሎ 4,000 ዩሮ ጠየቀን። ባለቤቴ ልቡ ሄዷል። እኔ ግን ገንዘቡ ከበደኝ። ምን ይመክሩናል?»

እህቴ፣ መልሱን ላስቀድምልሽ። ለጊዜው ምንም አታስገጥሙ። መጀመሪያ መኪናውን ልክ ለጉዞ እንደምትወጡ ጭናችሁ ሚዛን ላይ አውጡት። ከዚያ በኋላ አነስተኛ ረዳት ፊኛ፣ ማለትም ባሌስትራውን የሚያግዝ የንፋስ ፊኛ፣ ያስፈልጋችሁ ይሆናል። የ4,000 ዩሮው ግን ለእናንተ አይመስለኝም። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ረጋ ብዬ ላስረዳሽ።

እኔ እዚህ ጀርመን በካምፐርና በዕቃ መጫኛ ቫኖች እግር ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ሥራውን በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ጡረተኛ ባልና ሚስት እንደ እናንተው ዓይነት ዱካቶ ይዘው መጡ። ኋላው ተቀምጧል። እኔም ሳልመዝን የንፋስ ፊኛ ገጠምኩላቸው። መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ። ተደስተው ሄዱ። ከወር በኋላ ተመልሰው ሲመጡ የአንዱ የኋላ ጎማ ጎን አብጧል። ያን ጊዜ ነው ሚዛን ላይ ያወጣሁት። የኋላው አክስል ብቻውን 2,180 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። የተፈቀደለት 2,000 ነበር። መኪናው «ከብዶኛል» እያለ ሲናገር አፉን የያዝኩት እኔ ነኝ። እነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ነበር የሚጓዙት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልመዝን ፊኛ ገጥሜ አላውቅም።

ይህ ስህተት ለእኛ ሰው በደንብ ይገባዋል። አገር ቤት አይሱዙ ላይ ባሌስትራ አስጨምሮ ሌላ ኩንታል መደረብ የተለመደ ነው። ባሌስትራው ሲጠነክር መኪናው አይጎብጥም። ስለዚህ የቻለው ይመስላል። ነገር ግን አክስሉ፣ የጎማው ቡሎን፣ ኩሽኔቱ፣ ፍሬኑና ጎማው የድሮዎቹ ናቸው። ማንም አላጠነከራቸውም። ኤር ሳስፔንሽንም ያው ነው። የመኪናውን ቁመት ይመልሳል እንጂ ክብደቱን አያቀልም።

አሁን ወረቀቱን አውጪና እዪ። የጀርመን የመኪና ደብተር ላይ ኤፍ.2 የሚለው ቁጥር የመኪናውን ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደት ይነግርሻል። 8.1 የፊቱ አክስል ነው፤ 8.2 የኋላው። የእናንተ ዱካቶ ቀለል ባለው ሻንሲ የተሠራው ባለ 3,500 ኪሎ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የፊቱ 1,850፣ የኋላው 2,000 ኪሎ ይላል። ከባዱ ሻንሲ፣ ማክሲ የሚሉት፣ የኋላው 2,400 ነው። እናንተ ጋ የተጻፈውን እመኚ እንጂ እኔ ያልኩትን አይደለም።

ጎማውንም አብረሽ ተመልከቺ። ቀለል ያለው ዱካቶ ብዙ ጊዜ ባለ 15 ቸርኬ ነው። ጎማው ላይ 109 የሚል ቁጥር ካለ አንዱ ጎማ የሚችለው 1,030 ኪሎ ነው። ሁለቱ 2,060 መሆናቸው ነው። ከ2,000ው አክስል በላይ የሚተርፈው 60 ኪሎ ብቻ ነው። ባለ 16 ቸርኬ ሆኖ 116 የሚል ጎማ ከሆነ አንዱ 1,250 ይችላል።

ቀጥሎ ያለው ነገር ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። የእናንተ መኪና ከፊት እግር እስከ ኋላ እግር ያለው ርቀት 4.035 ሜትር መሆን አለበት። 6 ሜትር ገደማ የሆኑት፣ የቫን አካላቸው ያልተቀየረ ዱካቶዎች በአብዛኛው ያው ናቸው። ብስክሌቶቹ የሚሰቀሉት ግን ከኋላው አክስል አልፎ ነው። መካከላቸው በግምት 1.40 ሜትር ወደ ኋላ ይወጣል። ሁለት ትልልቅና ሁለት የልጆች ብስክሌት ከነመስቀያው 75 ኪሎ ነው እንበል። የኋላው አክስል ላይ የሚያርፈው 75 ኪሎ ብቻ ይመስልሻል? አይደለም። 101 ኪሎ ነው። ጣውላን በአንድ ጫፉ ስትጫኚው ሌላው ጫፍ እንደሚነሳ ማለት ነው። ብስክሌቶቹ የመኪናውን ፊት ያነሳሉ፤ ከፊቱ አክስል 26 ኪሎ ያህል ወስደው ኋላው ላይ ይደርባሉ።

ዱካቶ ደግሞ የሚጎተተው በፊት ጎማው ነው። መሪውም እዚያው ነው። ፊቱ ሲቀል እርጥብ ሣር ላይ ጎማው ይሽከረከራል። ዝናብ ላይ ሽቅብ ሲነሳም ይንሸራተታል። በፍጥነት መንገድ ላይ ከባድ መኪና ሲያልፋችሁ መሪው ሲንሳፈፍ ይሰማሻል። «ይወዛወዛል» ያልሽው ከፊሉ ይህ ይመስለኛል። ፊኛ ገጥመሽ ኋላውን 5 ሳንቲም ብታነሺው ያ 26 ኪሎ ወደ ፊት አይመለስም። ከፍታ ክብደትን ቦታ አያስቀይርም። ብስክሌቱን ከበሩ አውርደሽ አልጋው ሥር ብታስገቢው ግን ይመለሳል።

ሚዛኑ ቀላል ነው። የሕዝብ ሚዛን በየአካባቢው አለ። የቆሻሻ ማስረከቢያ ግቢዎች፣ የእህልና የግንባታ ዕቃ መጋዘኖች ጋ ታገኛላችሁ። የሚከፈለው ጥቂት ዩሮ ነው። ልጆቹም ይግቡ፣ ውሃውም ይሞላ፣ ናፍጣውም ይሞላ፣ ብስክሌቱም ይሰቀል፣ ቡና ማፍያውም ሳይቀር ይግባ። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹን ብቻ አውጥታችሁ አስመዝኑ። ከዚያ መኪናውን በሙሉ። ከዚያ የኋላዎቹን ብቻ። ሦስቱን ቁጥር ጻፉ። የፊቱና የኋላው ተደምረው ከጠቅላላው ጋር መቀራረብ አለባቸው፤ በጣም ከተራራቁ መሬቱ ዘንበል ብሏል ማለት ነውና ድገሙት።

እዚያው ሳላችሁ ሜትር አውጪና ከእያንዳንዱ ጎማ መሐል እስከ ላይኛው የቆርቆሮ ጠርዝ ለኪ። በአራቱም በኩል። ቤት ስትመለሱ ዕቃውን አራግፋችሁ ደግመሽ ለኪ። ግራና ቀኙ ከ2 ሳንቲም በላይ ከተለያየ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል፤ ወይም አንዱ ባሌስትራ ደክሟል።

አሁን ቁጥሩ ምን ሊል ይችላል?

የኋላው ከተፈቀደው፣ እንበል ከ2,000፣ በላይ ከሆነ ጨዋታው ስለ ፊኛ መሆኑ ይቀራል። ክብደት ማውረድ ነው። የመጀመሪያው ውሃ ነው። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው። ጋርዳ ውሃ አለ፤ ብሬነር ላይ ሽቅብ ይዘሽው የምትወጪበት ምክንያት የለም። ለመንገድ 20 ሊትር ይበቃል። 80 ኪሎ ወዲያው ወረደ። ሁለተኛው ብስክሌት ነው። ሦስተኛው የካምፐሩ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ያለው የማይነካ ዕቃ ነው። እኔ ካምፐር ስፈትሽ የሁለት ዓመት የድንኳን ምንጣፍ፣ ሦስት ገመድ፣ ያልተከፈተ የመሣሪያ ሳጥን አገኛለሁ። ሰው ቤቱን እያመላለሰ ነው የሚጓዘው።

አንዳንድ የፊኛ አምራቾች ዕቃቸውን ከነማረጋገጫ ወረቀቱ ይሸጣሉ። በዚያ ወረቀት፣ ጎማውና ቸርኬው የሚችል ከሆነ፣ ቲዩፍ (የመኪና ቴክኒክ ምርመራ ድርጅት) ሄዶ የአክስሉን ቁጥር በሕግ ማስጨመር ይቻላል። ይህ እውነተኛ መንገድ ነው፤ አንዳንድ ቤተሰብ ሌላ አማራጭ የለውም። የሚጨምረው ግን ፊኛው ብቻውን ሳይሆን ወረቀቱ፣ ጎማውና ምርመራው አንድ ላይ ሆነው ነው። ጋራዡ «ይህን ካስገባችሁ የፈለጋችሁትን ጫኑ» ካላችሁ ወረቀቱን አሳየኝ በሉት።

ጠቅላላውን ከ3,500 በላይ ማስደረግ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። አብዛኞቻችን እዚህ ተፈትነን ያወጣነው የ«ቤ» መንጃ ፈቃድ እስከ 3,500 ኪሎ ነው። ከዚያ ካለፈ ጀርመን አውቶባን ላይ ከ100 በላይ መንዳት አይቻልም። ኦስትሪያ ውስጥ ለተወሰነ ጊዜ የሚከፈለው የአውቶባን ክፍያ፣ ቪኜት፣ ይቀርና በኪሎ ሜትር የሚቆጥር መሣሪያ መያዝ ግዴታ ይሆናል። እናንተ ደግሞ በየዓመቱ ብሬነርን ታልፋላችሁ። ኦስትሪያ ውስጥ ካምፐር አስቁሞ መመዘን የተለመደ ነው። ስለዚህ በ3,500 ውስጥ መቆየት ከቻላችሁ ቆዩ።

የኋላው ቁጥር ከተፈቀደው በታች ሆኖ፣ 1,850 ወይም 1,920 ቢሆን፣ ግን መኪናው አሁንም ኋላው ተቀምጦ ከሆነስ? እዚህ ላይ ነው ረዳት ፊኛ ዋጋ የሚኖረው። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ካምፐር ተራ የዕቃ ቫን አይደለም። የዕቃ ቫን ጠዋት ሙሉ ይሆናል፣ ማታ ባዶ ይመለሳል። ባሌስትራው ያርፋል። ካምፐር ግን አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ፍሪጁ፣ ባትሪው ቀንና ሌሊት ላዩ ላይ ናቸው። ግቢ ቆሞ እንኳ ባሌስትራው ጎብጦ ነው የሚያድረው። ከዓመታት በኋላ ይደክማል። ዱካቶ ላይ ደግሞ ከባሌስትራው በላይ ረጅም ላስቲክ አለ። ባሌስትራው ሲጎብጥ አክስሉ እዚያ ላስቲክ ላይ ያርፋል። ብዙ የተጫኑ ካምፐሮች ገና ሳይንቀሳቀሱ ላስቲኩን ነክተው ነው የሚቆሙት። ከዚያ በኋላ ድልድይ መጋጠሚያ ሲመጣ መጉበጫ ቦታ የለም። «ዷ» ይላል። መብራትሽም ወደ ላይ ያያል፤ ማታ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይመታል።

ረዳት ፊኛ የሚገባው በአብዛኛው በዚያ ላስቲክ ቦታ፣ በአክስሉና በሻንሲው መሐል ነው። ባሌስትራው እንዳለ ይቆያል። ፊኛው የጭነቱን ከፊል ይቀበልና ባሌስትራው ቀና ይላል። መጉበጫ ቦታ ይመለሳል። እኔ የምወደው አንድ ነገር አለው፤ መንገድ ላይ ፊኛው ቢቀደድ ባሌስትራው አለ። ቀስ ብለሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ዋጋውም ዕቃውና መግጠሚያው ተደምሮ ከጠየቋችሁ እጅግ ያነሰ ነው።

አንድ ነገር ግን ባለቤትሽ እንዲያውቀው እፈልጋለሁ። ረዳት ፊኛ መኪናውን ለስላሳ አያደርገውም። ባሌስትራው ላይ ሌላ ስፕሪንግ መጨመር ነው። ንፋስ በጨመርሽ ቁጥር ይጠነክራል። ኋላው ሳይቀመጥ «ትራስ ላይ እንደተቀመጥኩ ይሁንልኝ» ብሎ የሚያስገጥም ሰው ከበፊቱ ደረቅ ሆኖ ያገኘዋል። አዝኖ የሚመለሰው ደንበኛ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

በእውነት የሚያለሰልሰው የጠየቋችሁ ዓይነት ሙሉው ኤር ሳስፔንሽን ነው። እሱ ባሌስትራውን አውጥቶ ይጥለዋል። መኪናው በፊኛ ብቻ ይቆማል። ቁመት የሚያነብ ሴንሰር አለው፤ ባዶም ሆነ ሙሉ ቁመቱን ራሱ ይጠብቃል። ካምፕ ስትደርሱ በቁልፍ ዝቅ ወይም ከፍ ይላል። ድንቅ ሥራ ነው፤ አልክድም። ወገቡን የታመመ ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ መኪናው ውስጥ የሚኖር ሰው፣ ሞተር ብስክሌት ኋላ የሚጭን ሰው ቢጠይቀኝ አስገባ እላለሁ። ለሦስት ሳምንት የሐምሌ ጉዞ ግን 4,000 ዩሮ? ኮምፕረሰሩ፣ ቫልቩ፣ ሴንሰሩ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ሁሉም አንድ ቀን የሚበላሹ ነገሮች ናቸው። ሲበላሽ ደግሞ ከሥሩ ባሌስትራ የለም። የራሱም ክብደት አለው፤ ከምትጭኑት ላይ ነው የሚቀነሰው።

ሦስተኛው ነገር፣ ቁጥሩም ደህና፣ ቁመቱም ደህና ሆኖ ድምፁና ውዝዋዜው ብቻ ከቀረ ነው። ያኔ ሾክ አብዞርበሩን፣ የመኪናውን መዝለል የሚያበርደውን፣ እጠረጥራለሁ። 100,000 ኪሎ ሜትር የሄደ፣ ሁልጊዜ የተጫነ መኪና ሾክ አብዞርበሩ ደክሞ ቢገኝ አይገርመኝም። ዘይት ያነባ እንደሆነ ሥር ገብቶ ማየት ነው። ያላነባም ሊደክም ይችላል። ፊኛ ሾክ አብዞርበርን አይተካም። እንዲያውም የደከመ ሾክ አብዞርበር ላይ ፊኛ ስትጨምሪበት መኪናው ከጉድጓድ በኋላ ይበልጥ ይዘላል። በዚያው የስታብላይዘሩን (መኪናው እንዳያጋድል የሚይዘውን ዘንግ) ላስቲኮች አስነቅንቂያቸው። ርካሽ ናቸው፤ ውዝዋዜውን ሊቀንሱት ይችላሉ።

የጎማ ንፋስም አለ። ለካምፐር ተብሎ በተሠራው፣ «ሲፒ» የሚል ጽሑፍ ባለው ጎማ ላይ ለኋላው 5.5 ባር ይመከራል። ያ ቁጥር የሚሠራው አክስሉ እስከ ጫፍ ተጭኖ ይሆናል በሚል ግምት ነው። ጎማው ድንጋይ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ስንጥቅ ወንበር ላይ ይሰማል። የእናንተ የኋላ አክስል ስንት ኪሎ እንደሆነ ከታወቀ ለጎማው አምራች ጻፉለት። ለዚያ ክብደት የሚሆነውን ባር ይነግራችኋል። በግምት ግን አታውርዱ። ንፋስ ያነሰው ጎማ በሐምሌ ሙቀት፣ በሙሉ ጭነት፣ አውቶባን ላይ ይግላል። ያ ከ«ዷ» የባሰ ነው።

ረዳት ፊኛ ወደ ማስገጠሙ ከደረሳችሁ ጥቂት ነገር ልብ በሉልኝ። ግራና ቀኙ ለየብቻ ቱቦና ለየብቻ ጌጅ ይኑራቸው። ሁለቱን በአንድ ቱቦ የሚያገናኝ ሰው ካያችሁ እምቢ በሉ። ኩርባ ላይ የተጫነው ጎን ንፋሱን ወደ ቀለለው ጎን ይገፋል፤ መኪናው ከበፊቱ የባሰ ያጋድላል።

ኮምፕረሰር ለእናንተ አያስፈልግም። ጭነታችሁ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። ልክ እንደ ጎማ ነዳጅ ማደያ ላይ የሚሞላ ቫልቭ ይበቃል። ፊኛው ንፋስ ሳይኖረው ግን በፍጹም አትንዱ። አምራቹ የሚጽፈው ዝቅተኛ ልክ አለ፤ ብዙውን ጊዜ 0.5 ባር አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ፊኛው ይታጠፍና ራሱን ይበላል። ክረምት ላይ ደግሞ ያለምንም ቀዳዳ ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ 3 ባር የሞላሽው፣ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሲሆን 2.6 አካባቢ ይደርሳል። ይፈሳል ብለሽ አትደንግጪ።

ስትሞሉ ዓላማው ኋላውን መስቀል አይደለም። መኪናው ባዶ ሳለ የለካሽው ቁመት ጋ ሲደርስ ቁሙ። ከዚያ በላይ ከሄደ ደረቅ ይሆናል፤ አፍንጫውም ይደፋል። የፊት መብራቱንም እንደገና አስተካክሉ።

ፍሬኑን መካኒኩ እንዲያይልሽ አድርጊ። ቀደም ባሉት ዱካቶዎች የኋላ አክስል ላይ በዘንግ የታሰረ ቫልቭ አለ። ኋላው ዝቅ ሲል «ተጭኗል» ብሎ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ጉልበት ይሰጣል። ፊኛ ኋላውን ሲያነሳው ባዶ ነው ብሎ ያስባል፤ ተጭኖ ሳለ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል። የእናንተ 2017 ስለሆነ ላይኖረው ይችላል። ካለው ግን ሳይስተካከል አይነዳም። ብሬነር ቁልቁለት ላይ ልጆች ይዛችሁ ነው የምትወርዱት።

ጎማ ስትቀይሩም ክሪኩ ከሻንሲው ሥር ከገባ አክስሉ ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ፊኛው ይለጠጣል። አክስሉን ራሱን አንሱት፤ ወይም አስቀድማችሁ ንፋሱን አውጡ። የዕቃውን ወረቀት ደግሞ መኪናው ውስጥ አስቀምጡት። አንዳንዱ ዕቃ ከተገጠመ በኋላ ቲዩፍ አይቶ መፈረም አለበት። ሳይገጠም በፊት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ።

እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን በዚህ ቅደም ተከተል እሄድ ነበር። በዚህ ሳምንት ሚዛን። ከዚያ ብስክሌቶቹን አልጋው ሥር መሞከር፤ ሁለቱ የልጆቹ ብቻ እንኳ ቢገቡ ጥሩ ነው። ከዚያ ሾክ አብዞርበሩንና ላስቲኮቹን ማስፈተሽ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ኋላው አሁንም ከተቀመጠ ባለ ሁለት ቱቦ ረዳት ፊኛ።

ሦስቱን የሚዛን ቁጥር፣ አራቱን ቁመት፣ የጎማውን ጽሑፍና ደብተሩ ላይ 8.2 የሚለውን ላኪልኝ። ሐምሌ ሳይደርስ እንጨርሰዋለን።